አራት ደቂቃ ሳይሞላ

እና ደግሞ እማማ ሉባባ አሻራቸውን አድርገዋል፣ የጥናቱ የፈቃድ ቅጽ ላይ፣ በአውራ ጣታቸው፣ ምንም የጎደለ ነገር የለም፣ ሚኒባሱ ከጭሮ ወጥቶ ወደ በደሳ ሲከንፍ ኢያኤል ይህንኑ ለራሷ ትደጋግማለች፣ ቅጹ ደህና ነው። ጥፋቱ የጠያቂዋ ነው እንጂ። የሥነ ልቦና ዶክትሬት፣ አራተኛ ዓመት፣ ልጆቻቸው በስደት የሞቱባቸው እናቶች ሐዘናቸውን እንዴት ይችሉታል፣ እሷ ናት ይህን የምታጠና፣ መርዶ መነገሩን እንኳ ሳታጣራ ሰው ቤት ዘው የምትል፣ ጉድ በይ።

የልጁን ስም የሰጧት ከስደት ተመላሾች ናቸው፣ አብዱልቃዲር፣ ባሕር ላይ የሞተ፣ ሁለት ወር አልፎታል። ታዲያ እናቱ እስካሁን አልሰሙም ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ ማንም ይጠረጥራል፣ እዚሁ አይደል ያደገችው፣ ለእናቷ የአያቷን ሞት ሲደብቁ ሻይ እያቀረበች አብራ ደብቃ የለ። እናቱ እማማ ሉባባ ደም ግፊት አለባቸው፣ ወንድማቸው አብዱናስር ከድሬዳዋ መጥቶ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊያረዳቸው ነበር። ኢያኤል ረቡዕ ደረሰች።

እየሳቁ ነበር ያወሩላት። ጫት ለቀማ ላይ ሰነፍ ነው፣ ሲደውል ከእኔ በፊት የሚጠይቀው ላሚቱን ነው፣ አሁን ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሆኖ ነው፣ ኢንሻአላህ ለረመዳን ይደውላል። ይደውላል ሲሏት ምን አደረገች፣ ማስታወሻዋ ጠርዝ ላይ ጻፈች፣ ሞቱን አለመቀበል፣ ከሥሩም አሰመረችበት፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ ሁለት፣ ልጅዎ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍዎ እንዴት ነው።

ጩኸታቸው። እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ በየትኛውም መለኪያ አይለካም።

የቀዳሽውን ድምፅ እንዳታጠፊው ኢያኤል፣ አማካሪዋ ዶክተር ኃይለየሱስ ናቸው፣ በስልክ፣ አዝናለሁ፣ ግን ከመረጃዎችሽ ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ታጠፋዋለች። እማማ ሉባባ ፊት ቁጭ ብላ፣ ዛሬውኑ።

ግቢው ሸራ ተወጥሮበታል፣ ሴቶቹ ሲያዩዋት ወሬ ያቆማሉ፣ አብዱናስር በሩ ላይ፣ አንቺ ነሽ አይደል፣ እኔ ነኝ፣ ደግሞ ምን ቀረሽ። ከውስጥ የእማማ ሉባባ ድምፅ፣ ተዋት፣ ትግባ። እግራቸው ሥር ትንበረከካለች፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ይቅር ይበሉኝ እናቴ፣ የቀዳሁትን ይኸው አጠፋዋለሁ፣ እጇን ይይዟታል፣ እጃቸው ትኩስ ነው፣ አታጥፊው ልጄ። ያን ቀን ስቄ ነበር አይደል። አሰሚኝ።

ትከፍተዋለች። ሰነፍ ነው ይላል ስልኩ፣ ላሚቱን ነው የሚጠይቀው፣ ሳቅ፣ ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ኢያኤል ዓይኗን ከሰከንዱ አታነሣም፣ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ አምስት፣ ከሃምሳ ስድስት፣ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል፣ የራሷ ወረቀት፣ ጥያቄው ሊመጣ ነው፣ ጣቷን ታሳርፍበታለች። ይቆማል።

ድገሚልኝ፣ ይላሉ እማማ ሉባባ።

ትደግመዋለች፣ እንደገናም፣ ጣቷ ሃምሳ ስድስት ላይ እየጠበቀ።