ማስጫው አንቴና ሲተክል

ሰው በአንድ መጥፎ ቀን ስሙን ያጣል። ይህንን ሰው በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚጠራሩ የአማተሮች ማኅበር አባላት ሁሉ «ማስጫው» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ባዕድ ቢሆን ባልከፋው፤ ያወጣለት ግን የገዛ ሚስቱ ወንድም፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ማስጫው ሲለፋበት የከረመውን፣ ተጠቅልሎ ከረጢት የሚገባ የሽቦ አንቴና ለአባላቱ ሊያሳይ ብድግ ቢል፣ ሊቀመንበሩ ሽቦውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ካልሲ ለማስጣት ጥሩ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አባርቶ ቅጽል ስሙ ቀረ።

ዛሬ የማኅበሩ የመስክ ቀን ነው። ሊቀመንበሩና አጫፋሪዎቹ ከከተማው ማዶ ጉብታ ላይ ሆነው፣ ከየአቅጣጫው በራዲዮ የሚጠራቸውን አባል እየሰሙ ይመልሳሉ። ማስጫው ሚስቱን ይዞ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ የወረደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያው በተሳቀበት ሽቦ ጠርቶ፣ «ተሰምተሃል» የሚለውን ቃል ከዚያው ካሾፈበት አፍ ሊሰማ።

ምሰሶ እንዲሆነው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን እየመዘዘ አስረዘመው፤ ሽቦውን ከጫፉ አስሮ ቁልቁል ለቀቀው። ዘንጉን ከአግዳሚ ወንበር እግር ጋር ጠፍሮ፣ እንዳይወድቅ በሲባጎ ዙሪያውን ወጠረው። ከታች፣ ሽቦው ከሚገባባት ትንሽ ሣጥን ዙሪያ፣ መሬት ለመሬት የሚተኙትን ሽቦዎች በእርጥቡ ሣር ላይ ዘረጋ። ቋሚው ሽቦ ያለ እነሱ ሥር የሌለው ዛፍ ነው።

ሚስቱ ተጣጣፊ ወንበሯ ላይ ሆና ሹራብ ትሠራለች። ባሏ ዘንግ ሥር ሲንበረከክ ማየት የለመደች ሴት ናት፤ አትስቅም፣ አትጠይቅምም።

ማስጫው የራዲዮውን ማይክ አንሥቶ ጠራ። ራዲዮው «ሽሽ» ከማለት በቀር መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ሌሎቹ ሲጠሩና ሲመሰገኑ ይሰማዋል፤ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።

«ወንድምሽ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ነው» አለ።

ሚስቱ በሹራብ መርፌዋ ወደ ሣሩ ጠቆመች። «እነዚህ የተዘረጉት ሽቦዎችስ? የትም አልታሰሩም እኮ።»

እውነቷን ነው። ዘርግቶ ዘርግቶ፣ ከሣጥኗ ጋር ማገናኘቱን ዘንግቶታል። «ልደርስበት ነበር» ብሎ ማይኩን በብብቱ ሸጎጠና ተንበረከከ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ተፈታ። በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ወንድሟ ሙሽራውን ጋርዶ መቆሙን አነሣ፤ እስከ ዛሬ ከሙሽራው የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ይህ ስለ ሞገድ የሚሰብክ ሰው፣ መብረቅ ባጉረመረመ ቁጥር አልጋ ሥር እንደሚገባም አነሣ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያሰረ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ በአንድ ቂም አጠበቀው።

«ጢሙንስ ብትይ» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ጥቁረቱ ተፈጥሮው መስሎት ይቀናል። የጫማ ቀለም ነው።»

ሚስቱ መርፌዋን አቆመች። «አንተ ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ ሽሽ የሚለው ለምን ጠፋ?»

ራዲዮው ጭጭ ብሏል። ራዲዮ ደግሞ እንዲያ ጭጭ የሚለው ባለቤቱ የማይኩን ቁልፍ ተጭኖ ሲናገር ነው። ማስጫው አጎንብሶ ብብቱን አየ። ክንዱን አላላ። መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር፣ ጉብታ ሙሉ ሳቅ። ከዚያ የሊቀመንበሩ ድምፅ መጣ።

«ማስጫው፣ ከሠርጉ ፎቶ እስከ ጫማ ቀለሙ ድረስ ተሰምተሃል። ድምፅህ ጥርት ያለ ነው።»

ሚስቱ ፊቷን በሹራቡ ሸፈነች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ከሹራቡ ውስጥ። «የጫማ ቀለሙን እኮ በምሥጢር ነበር የነገርኩህ።»

ይቅርታ መጠየቅ ይገባው ነበር። ማይኩን አነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ አዳራሽ ትዝ አለው።

«ሊቀመንበር፣ መጨረሻው አልተሰማኝም» አለ። «ድምፄ ምን ዓይነት ነው ነበር ያልከው?»



«ጥርት ያለ» አለ ሊቀመንበሩ። «ምሳ እኛ ቤት ነው፣ እንዳትቀሩ። ማይክህን ግን ደጅ ትተኸው ግባ።»

ሚስቱ ሹራቧን ጠቅልላ ተነሣች፤ ይረፍድብናል አለች። ማስጫው በሣሩ የራሰ ካልሲውን አወለቀ፤ ጨምቆ አንቴናውን በወጠረው ሲባጎ ላይ አሰጣው።

«እስኪደርቅ» አለና ወንበሩ ላይ ተደላደለ።