ችግር አልተገኘም

ጠሀ ሁለቱን የመኪና መመርመሪያ ስካነሮች የመስታወት ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው መብራት ጠፋ። የሶማሌ ተራ ሱቆች አንድ በአንድ ጄነሬተራቸውን ሲያስነሡ መንገዱ በጭስና በጩኸት ታፈነ። ጠሀ ለምዶታል፤ የሞባይሉን ባትሪ አበራና ዕቃዎቹ ላይ አነጣጠረ።

አንደኛዋ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰች የቻይና ሥራ ናት። ሁለተኛው ጥቁር ሻንጣ ውስጥ የተኛ፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ማሽን ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

"ፍስሽ፣ አንተን አላታልልህም" አለ ጠሀ። "ትልቁ ጥሩ ነው። ግን ላንተ ጋራዥ ትንሿ ትበቃሃለች። ሰፈሩ በሙሉ በእሷ አይደል የሚሠራው?"

ፍስሐ ትንሿን አንሥቶ ገለባበጣት። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲመረምር በጆሮውና በአፍንጫው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ አያውቅም። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የብየዳ ማሽናቸውን ምን አለሽ ተራ ወስዶ ሸጦ ያገኘው ነው። ለትንሿ ይበቃል። ለትልቁ ግን አጠገቡም አይደርስም።

"ለእንግሊዙ ጂፕ ትሆናለች?" ሲል ጠየቀ።

"እሷ የማትሆነው መኪና የለም ነው የሚሉት።"

ረሂማ እስካሁን በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሽርካው የጃፋር ሚስት ናት። ጠዋት ፍስሐ ከጋራዡ ሲወጣ መንገድ ላይ ጠብቃ "ዕቃው ሲገዛ ልይ" ብላ ተከተለችው። አሁን ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ባንኮኒው ተጠጋች።

"ወንድሜ፣ እኔ ስለ መኪና የማውቀው የለኝም" አለችው ጠሀን። "ከሁለቱ መኪናውን ሰው ላይ አትቀመጥ ብሎ የሚያዘው የትኛው ነው?"

ጠሀ ከመመለሱ በፊት ፍስሐን አየው። ወሬው ያልደረሰው የሶማሌ ተራ ነጋዴ አልነበረም። ትልቁ በእርግጥ እንደሚያዘው፣ ትንሿ ግን በዚያ ዓይነት መኪና ተሞክራ እንዳላየ፣ አይኑን ከባንኮኒው ሳያነሣ ተናገረ። ከዚያ እንደ መካካሻ ያህል፣ ትንሿን ወስደው እንዲሞክሯት፣ ካልሆነች በማግስቱ ሊቀበላቸው ቃል ገባ።

ፍስሐ ከፍሎ ትንሿን ኪሱ ከተታት። ረሂማ አልተቃወመችም። የማይገዙትን ነገር ትኩር ብሎ ማየት ምን ያደርጋል እንዳለች ሁሉ ፊቷን ከሻንጣው መልሳ ቀድማው ወጣች።

ጂፑ የአቶ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው። መኪናው እንደ ሌላው በብረት ሞላ አይቆምም። አራቱም ጎማ ዘንድ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት አለው፤ ሲፈልግ ከፍ፣ ሲፈልግ ዝቅ ይላል። ችግሩ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ መገኘቱ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ያለው የፍስሐና የጃፋር ጋራዥ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣለት የመጀመሪያው ስለሆነ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። አንድ እንደዚህ ያለ ደንበኛ አሥር ይስባል ተባብለው።

የኤሌትሪክ ሠራተኛው ጃፋር ነው። ጅቡቲ ወደብ ሠርቶ የተመለሰ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ሥራ ሲይዝ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነበር። መኪናውን በክሪክ አነሡትና ጃፋር አየር የሚያፈሰውን ቱቦ ሊፈልግ በጀርባው ተኝቶ ከሥሩ ገባ። ሁለቱም ያላወቁት ነገር ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ሲነሣ ያጋደለ ይመስለዋል፤ አስቀድሞ በኮምፒውተር "ዝም ብለህ ቁም" ካልተባለ ራሱን ሊያስተካክል ይነሣል። አየሩን እፍ ብሎ ለቀቀ። ከክሪኩ ተንሸራተተና ጃፋር ላይ ተቀመጠበት።

ፍስሐ፣ የጎረቤት ጎሚስታና ከመንገድ የሮጡ ተሸካሚዎች ተረባርበው በእጃቸው አነሡት። ጃፋር አልጮኸም፤ "ቀስ፣ ቀስ" ብቻ ይል ነበር፤ ዕቃ እንደሚያወርዱ ሰዎች። ወገቡና ዳሌው ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ካገላበጡት በኋላ እግሮቹ ከእንግዲህ እንደማይሸከሙት ለረሂማ ኮሪደር ላይ ነገሯት።

አቶ ወልደ ሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠይቀዋል፣ የመጀመሪያውንም ወጪ ችለዋል። ጥፋቱ የመኪናው ከሆነ ኢንሹራንሱም እንደሚከፍል፣ እሳቸውም ቤተሰቡን ሜዳ ላይ እንደማይጥሉ ተናግረው ነበር። ፖሊስም የጻፈው መኪናው ይመርመር ብሎ ነው። ስካነሩ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ፍስሐና ረሂማ ጋራዡ ሲደርሱ አቶ ወልደ ሚካኤል ቀድመው መጥተው ቆመው ነበር። ጂፑ ከዚያን ቀን ወዲህ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሆዱ መሬት ነክቶ ተኝቷል። ሌሎች መኪናዎች ዙሪያውን እየዞሩ ይገባሉ ይወጣሉ። ረሂማ ከበሩ አላለፈችም።

ፍስሐ መሪው ላይ ተቀመጠና የትንሿን ገመድ ከመሪው ሥር ካለው ቀዳዳ ሰካ። በራች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ አረንጓዴ ጽሑፍ ጻፈች፦ ችግር አልተገኘም።

ነቅሎ እንደገና ሰካት። ያንኑ ጻፈች።

"ምን ይላል?" አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉና ራሳቸው አነበቡት። ቀና ሲሉ ስልካቸውን አውጥተው ነበር። ጽሑፉን ፎቶ አነሡት።

"ምን ሊያደርግልዎ ነው?"

"ለኢንሹራንሱ ነው። ውጤቱን ላክ ብለውኛል።"

"ጋሼ፣ ይህቺ አየሩን አታነብም መሰለኝ። መኪናው መሬት ላይ ተዘርግቶ እያዩት እንዴት ችግር የለም ይባላል?"

"እኔ መካኒክ አይደለሁም ፍስሐ" አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "ማሽኑን ያመጣኸው አንተ ነህ። ችግር አለ ቢል ኖሮ አንተም ፎቶ አንሣልኝ ትለኝ ነበር።"

ፍስሐ ሌላ ማሽን እንዳለ፣ እስከ ነገ እንዲታገሡት ለመናቸው። እሳቸው ግን ከሌላ ጋራዥ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ጠዋት ጎታች መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ይህን ሲናገሩ አይን አይኑን አላዩትም። ሰውየው ፈርተዋል፤ ጉዳዩ እሳቸው ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚያስከትል ሳይተኙ ያደሩት ሌሊት ያሳያቸው ይመስላል። አሁን አንዲት አረንጓዴ መስመር አግኝተዋል፣ አይለቋትም።

ሲወጡ በሩ ላይ ረሂማን አገኟት። ባርኔጣቸውን አወለቁና "እግዜር ያጽናሽ" አሏት።

"ባሌ አልሞተም" አለች ረሂማ።

ሰውየው ባርኔጣቸውን መልሰው አጥልቀው ሄዱ።

ጃፋር ከሆስፒታል ወጥቶ የተኛው ጭድ ተራ አካባቢ ከአንድ ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ፍስሐ ሲገባ ጣሪያውን እያየ አገኘው። ትንሿን ሰጠውና የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ከነፎቶው። ጃፋር ዕቃዋን በጣቶቹ አሽከረከራት፣ ቁልፎቿን ነካካ፣ የምትጠይቃቸውን ነገሮች ዝርዝር ዝቅ ከፍ እያደረገ አነበበ።

"ይህቺ የጠየቀችው ሞተሩን ነው" አለ። "አየሩን ደህና ነህ ወይ አላለችውም። ያልተጠየቀ ምን ብሎ ይመልሳል?"

"ትልቁ ይጠይቀው ነበር።"

"ትልቁን ተወው።" ዕቃዋን ደረቱ ላይ አስቀመጣት። "ፍስሐ፣ እንነጋገር። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ፈልግ፣ ሥር የሚገባልህ። የድርሻዬን ለረሂማ ቀስ እያልክ ስጣት። እኔን እየጠበቅህ ጋራዡ አይዘጋ።"

"ማን ጠበቀህ?"

"ይኸው፣ በየቀኑ እየመጣህ ነው።"

ጃፋር እንዲህ በዝግታ ሲናገር ፍስሐ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ በፊት ሞተር እየሠራ እንኳ ድምፁ ከሞተሩ በላይ ይሰማ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ቃል ሲናገር ለራሱ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ እንደተለማመደው ያስታውቃል።

በዚህ መሀል ረሂማ ገባች። ሰዓቱ ደርሷል፣ ጀርባው እንዳይቆስል መገልበጥ አለበት። ብዙ ጊዜ የግቢውን ሴቶች ትጠራለች፤ ዛሬ ፍስሐ አለ። እሷ ትከሻውን፣ እሱ እግሮቹን ያዘ። እግሮቹ እንደ እህል ጆንያ ነበሩ፤ ባሉበት የሚቀሩ፣ ካልወሰዷቸው የማይሄዱ። ወደ ጎን ሲያዞሩት ጃፋር እንዳይወድቅ የፍስሐን ክንድ ጨበጠ። አጨባበጡ አጥንት ድረስ ይሰማል። ያው ብሎን በጣቱ የሚፈታበት እጅ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም።

"አሳመምኩህ?" አለ ጃፋር።

"አላሳመምከኝም።"

ፍስሐ ግቢውን ለቆ ሲወጣ ክንዱ ላይ የጣቶቹ ቦታ ቀልቶ ነበር።

ጠዋት ጎታቹ መኪና መጣ። ሾፌሩ የመጥለፊያውን ሰንሰለት ይዞ ጂፑ ሥር ሊገባ በሆዱ ሲተኛ ፍስሐ በቀበቶው ይዞ ጎተተው። ከጋራዡ ጥግ ወፋፍራም ግንዶች አመጣና ከአራቱም ጎን አስገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰንሰለቱ የታሰረው። ይህ መኪና ከሥሩ ሰው እያለ እንደሚቀመጥ፣ በሚወስዱበት ጋራዥም ያለ መደገፊያ ማንም እንዳይገባ እንዲነግርለት ሾፌሩን ደጋግሞ አሳሰበው። ሾፌሩ ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ልብሱን አራገፈና አስነሥቶ ሄደ።

ጂፑ ተጎትቶ ሲወጣ የተኛበት ቦታ ተገለጠ። ያን ቀን ደሙ ላይ የበተኑት ሰጋቱራ ጠቁሮ መሬቱ ላይ ደርቋል። ፍስሐ አካፋ አምጥቶ ሊፍቀው ጀመረ፤ ጥቂት እንደፋቀ አካፋውን ጥሎት ወጣ።

ለባቡሩ የተቆፈረውን መንገድ ዞሮ ሶማሌ ተራ ሲደርስ ጠሀ ገና ሱቁን መክፈቱ ነበር። ጂፑ መሄዱን ሰምቷል። ትንሿን ባንኮኒው ላይ ሲያይ ወደ ፍስሐ መልሶ ገፋት።

"አሁንማ ያዛት። ላንተ ታክሲና ሚኒባስ ምን አየር አላቸው?"

"ቀለም የምረጭበት ኮምፕሬሰር አለኝ፤ ታውቀዋለህ" አለ ፍስሐ። "ከእሷ ጋር ውሰደውና ትልቁን ስጠኝ።"

ጠሀ ቀና ብሎ አየው። "ቀለሙን ልትተው ነው? ግማሽ እንጀራህ እኮ እሱ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ጠሀ ነጋዴ ቢሆንም ይህን ሽያጭ አልወደደውም። መኪናው አንዴ ከእጅ ከወጣ ማሽኑ ምንም እንደማያስመሰክር፣ ፎቶው ኢንሹራንሱ ዘንድ እንደደረሰና ከእንግዲህ ማንም እንደማይሰማቸው አስረዳው። እንዲህ ያለ መኪናም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ፍስሐ ሁሉንም እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱንም አልካደም። ሻንጣውን ከፍቶ የማሽኑን ገመድ እየፈታ ነበር። አጭር ነው፤ ከመሪው ሥር እስከ ሾፌሩ ጉልበት እንኳ በቅጡ አይደርስም።

"ይህን ማስረዘም ይቻላል?"

"ይቻላል፣ ገመድ አለኝ፤ ልጆቹ ይበይዱልሃል። ግን ለምንህ ነው? ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አይደል የሚያነበው?"

"እኛ ጋ የሚያነበው ሰው መኪና ላይ አይወጣም።"

ጠሀ መሰላሉን አስጠግቶ ወጣና ከላይኛው መደርደሪያ የገመዱን ጥቅል አወረደ። ጫፉን ይዞ በባንኮኒው ጠርዝ ላይ እየለካ መተርተር ጀመረ። ሰው ሁሉ ከሚያስቆርጠው ሲደርስ መቀሱን አንሥቶ ፍስሐን ጠበቀ።

"ጨምር" አለ ፍስሐ።

ጠሀ ጨመረ። መቀሱን እንደገና አነሣ።

"አሁንም ጨምርበት። ጃፋር የሚቀመጠው ከጋራዡ ግንብ ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐዩን አይችለውም።"