የእብዱ ባቡር ልክ

ልብስ ሰፊው ዋጋውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። ትኬት ቆራጯ የቀለደችበት መስሎት ነበር።

«እህቴ፣ እኔ የጠየቅሁሽ መግቢያውን ነው፤ ፓርኩን ልገዛ አይደለም» አላት።

ልጅቷ አልሳቀችም። መስኮቷ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ሰሌዳ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታ መታ አድርጋ፣ «እሱ ነው ጋሼ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ተቀይሯል» አለችው። ጠጋ ብሎ አነበበው። ዜሮዎቹን በጣቱ እየነካካ እንደገና አነበበው። ያን ጊዜ ነው ክው ያለው።

ይህ ሰው ዓለምን የሚመዝነው በስፌት ነው። የቤት ኪራይ ስንት ሱሪ እንደሆነ፣ የልጆቹ ደብተር ስንት ዚፕ መቀየር እንደሚጠይቅ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል። አሁን በሰሌዳው መሠረት አንድ ትልቅ ሰው ተዝናና ለመባል የአንድ ሙሉ ሱፍ የስፌት ዋጋ መክፈል አለበት፤ ከነገበሩ፣ ከነኪሱ፣ ከነቁልፉ። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ለመጮህ ይህን ያህል ይከፍላል እንዴ? ለመጮህ ለመጮህ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በነፃ ይጮህ የለም ወይ?

«ልጆችስ?» አለ ድምፁ ሰልሎ።

«ልጅ ግማሽ ነው። ልጅ የምንለው ግን…» ብላ በሩ ምሰሶ ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር አሳየችው፤ «ከእሱ በታች የሆነውን ነው። ዕድሜ አንጠይቅም። መስመሩ ጋ ከደረሰ እንደ አዋቂ ይከፍላል።»

ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አውርዶ መስመሩን ለካው። ለካውና ሜትሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ይህን ልክ እንደ ስሙ ያውቀዋል። የእብዱ ባቡር ልክ ነው።

«እብዱ ባቡር» ብላ ስም ያወጣችለት ልጁ ናት። የልብስ ሰፊው ሱቅ ከመዝናኛው አጥር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ባቡሩ ሽቅብ ተጎትቶ የሚወጣበት ትልቁ ጉብታ ከሱቁ በር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁልቁል ሲለቀቅ ደግሞ የተሳፋሪው ጩኸት ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ ይሰማል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በዚያ ጩኸት መሃል ነው። ጆሮዋ ለምዶት ጩኸት መለየት ጀምራ ነበር። «ስማ አባዬ፣ ይቺ ከልቧ ፈርታለች። ያኛው ግን እያስመሰለ ነው፤ ድምፁ መጨረሻው ላይ ይሰበራል» ትለዋለች። እሱም መቀሱን አቁሞ እየሰማ፣ ቀስ በቀስ መለየት ቻለ።

ገና ትምህርት የጀመረች ጊዜ እንሳፈር ብላ ወጥራ ያዘችው። ለጊዜው ለመገላገል «ቁመትሽ የደረሰ ቀን» አላት። ለልጅ የተሰጠ ቃል ሲወጣ ይቀላል እንጂ ተመልሶ አይገባም። ሄዶ የባቡሩን መለኪያ ዘንግ ለክቶ መጣና በሱቁ መቃን ላይ በጠመኔ አሰመረላት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ መቃኑን ተደግፋ ያልተለካችበት ሳምንት የለም። እናቷ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ ወገቧን ይዛ ስትመጣ ይህን ታይና፣ «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ የእኔ ልጅ ባቡር አለኝ በሰማይ ትላለች» እያለች ትስቃለች። ልጅቷ ግን ሽቅብ ተመዘዘች። ሰፈሩም ስሟን ትቶ ሸምበቆ ይላት ጀመር። በዚህ ወር አናቷ ጠመኔውን ነካ። የዚያን ቀን በደስታ ስትዘል የክር ሳጥኑን ደፋችው፤ በማግስቱም ለክፍሏ ልጆች አንድ ሳይቀር ነገረቻቸው። አባቷ ደረቱን ነፍቶ ዋጋ ሊጠይቅ የሄደው ለዚሁ ነበር። ለዚህ ቀን ያጠራቀመው አለው። ያጠራቀመው ግን በዱሮው ዋጋ ነው።

አመሻሹ ላይ ሚስቱ ሱቁን ሊዘጋጉ ስትመጣ ነገራት። ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ በሚከመርበት ጥግ ነበሩ፤ ሸምበቆ ድንቡሼን፣ ትንሽ ወንድሟን፣ ስታስተኛ እሷም አብራው ሸለብ አድርጓታል ብለው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» አለች ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ለአንድ ቀን? ባቡሩ የሚሄደው በወርቅ ሐዲድ ላይ ነው እንዴ?»

«ይባስ ብሎ ሸምበቆን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያስከፍሏት።»

«ጥርሷን ቀይራ ሳትጨርስ?»

«መስመር አለ፤ መስመሩ ጋ ደርሳለች።»

«በቃ ይቅርባት። የሌለንን ከየት እናመጣለን?»

«ለክፍሉ ሁሉ አውርታ? በየቀኑ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ የሰው ጩኸት ስትቆጥር ኖራ? እኔ ምን ዓይን ይዤ ነው ይቅርብሽ የምላት?»  ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀሚስ ነደፈ። «ስሚማ፣ አንቺዬ… በር ላይ ብቻ ጉልበቷን ትንሽ ብታጥፍስ?»

«ምን?»

«ረጅም ቀሚስ እሰፋላታለሁ። ከውስጥ ጉልበቷ ቢታጠፍ ማን ያያል? በግማሽ ከገባች፣ የሚተርፈው ለምሳና ለመመለሻ ታክሲ ይበቃናል። በሩን ካለፈች በኋላ ቀጥ ብላ ባቡሯን ትሳፈራለች። በር ላይ አጭር፣ ባቡሩ ጋ ረጅም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም!»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«እንድታድግ በጠመኔ እያሰመርክ ስታሳድጋት ኖረህ፣ ባደገች ማግስት እጠፊ ልትላት ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ በጥርሱ መሃል። «ሸንሽነው ቢሸጡኝ እንኳ ይህን ያህል አላወጣም።»

ሚስቱ ወደ መጋረጃው አየች። እሺም አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

ቀሚሱን ሰፋ። ሰማያዊ ነው፤ ከወገቡ የተሸበሸበ፣ ከታች ሰፋ ያለ። ጠርዙን ሲቀመቅም የተጠበበውን ያህል ለሙሽራ ልብስ እንኳ ተጠብቦ አያውቅም። ልጅቷ ቀጥ ብላ ስትቆም ቁርጭምጭሚቷ ይታያል፤ ጉልበቷን ስታጥፍ ጠርዙ ጫማዋን ይውጠዋል፤ መሬት ግን አይጎተትም። እግዜር ይቅር ይበለውና በሥራው ኮራ። ሸምበቆም ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የያዘችው። መስታወቱ ፊት ቆማ «አባዬ አሁን አጭር ነኝ? አሁንስ?» ትለዋለች። ድንቡሼም እሷን ሊመስል ጉልበቱን አጥፎ በቂጡ ዘጭ ሲል፣ ተኮሳትራ የሰነበተችው እናት እንኳ ሳቋ አመለጣት። ልብስ ሰፊውም ሚስቱ ከሳቀች ነገሩ ቀላል ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

በዕለቱ በር ላይ ሲደርሱ ሸምበቆ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች፤ ጫማዋ ከጠርዙ ሥር ጠፋ። ትኬት ቆራጯ አንገቷን አስግጋ አየችና «ልጅ» አለች። ለሁለቱ ልጆች አረንጓዴ የላስቲክ አምባር፣ ለሁለቱ ወላጆች ቀይ አምባር አሰረችላቸው። አምባሩ አንዴ ከታሰረ በመቀስ ካልሆነ አይወልቅም። ልብስ ሰፊው ቀለሙን ለማሳመሪያ ነው ብሎ አለፈው። ዱሮ በየጨዋታው በር ላይ ነበር ቁመት የሚለካው፤ አሁን አንዴ መግቢያው ላይ ተለክቶ ሁሉም በአምባር ቀለም እንደሆነ የነገረው አልነበረም፣ እሱም አልጠየቀም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ዕድሜውን ሙሉ ልክ ሲወስድ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ቀለም መጠየቅ ዘነጋ።

ውስጥ ከገቡ በኋላም ድንጋጤው አላባራም። የውኃው ዋጋ ውጭ ካለው ሦስት እጥፍ ነው። ድንቡሼ አይስክሬም ብሎ ሲጮህ አባትየው ዋጋውን ጠየቀና «ጉንፋን ያስይዛል» አለው። ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ አረፍ ሊሉ ሲሉ አንድ ሰው መጥቶ «መቀመጫው በክፍያ ነው» አላቸው። ሚስቱ ከተቀመጠችበት እንደ ተወጋ ሰው ዘልላ ተነሳችና፣ «እንዴ! ቂጣችን ብቻ ነበር በነፃ የቀረን» አለች። አራቱም ሳቁ። ሸምበቆ ግን የምትስቀው ወደ ላይ እያየች ነው። እብዱ ባቡር በላያቸው እያጓራ ያልፍ ነበር።

ተሰለፉ። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የአባቷን እጅ ትጨብጣለች፤ መዳፏ በላብ ርሷል። በመጨረሻ ተራቸው ደረሰ። የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ መለኪያ ዘንግ የያዘ ሸበቶ ሰው፣ አምባሯን አየና በእጁ አገዳት።

«አረንጓዴ ነው የኔ ልጅ። አረንጓዴ እኮ ለትንንሾቹ ጨዋታ ነው።»

ልብስ ሰፊው የሰማውን ማመን አቃተው። «ቁመት አይደለም እንዴ የምታዩት?» አለ።

«ቁመቷ በር ላይ ታይቷል፤ አምባሩ የሚታሰረው በእሱ ነው።» ሰውየው ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «በእርግጥ ዘለግ ያለች ትመስላለች። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል። ነይ እስቲ እዚህ ቁሚ፤ ከደረስሽ ልዩነቱን እዚሁ ይከፍሉና ቀይ አስርልሻለሁ።»

ልዩነቱን። አባትየው እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ ውስጥ ያለው የምሳና የታክሲ ነው። ቢከፍለው ድንቡሼን አዝለው፣ ጦማቸውን፣ ከተማውን አቋርጠው በእግር መመለስ ነው። ይሁና! በእግር እንመለስ፤ ጫማ ቢያልቅ ቢያልቅ ጫማ ነው፣ አለ በልቡ። ብሩን ሊያወጣ ሲል ዓይኑ የቀሚሱ ጠርዝ ላይ ወደቀ።

ሸምበቆ ከዘንጉ ሥር ቆማለች። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፤ አገጭዋም ቀና ብሏል። ጫማዋ ግን ቀስ እያለ እየጠፋ ነው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ የጫማዋ ማሰሪያ፣ ከዚያ አፍንጫው። ተቆጣጣሪው የሚያየው አናቷን ነው፤ እናቷ ድንቡሼን ይዛ ወደ ኋላ ቀርታለች። ያንን ጠርዝ ማንበብ የሚችል የሰፋው እጅ ብቻ ነበር።  ማንም አጥፊ አላላትም። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀችው ባቡር በሩን ከፍቶ ፊቷ ቆሞ ሳለ፣ በገዛ ፈቃዷ አጠፈች።

«ቀጥ በይ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። «ቀጥ በይ ልጄ! እከፍላለሁ!»

ዞራ አየችው። ያንን ፊት ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ የትልቅ ሰው ፊት ነበር።

«ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት፣ አባዬ» አለችው።

«አትዋሺ! ጉልበቷን አጥፋ ነው!» አለ ወደ ተቆጣጣሪው ዞሮ። «ትደርሳለች! በሱቄ መቃን ላይ ለክቻታለሁ! በር ላይም ያጠፈችው… እኔ ነኝ አጥፊ ያልኳት!»

ሸበቶው ሰው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እዚህ የደረሰ አባት ሁሉ ልጄ ትደርሳለች ነው የሚለው። ለደህንነቷ ነው። አልደረሰችም።» ወደ ሸምበቆም ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፤ ለከርሞ» አላት።

«እሺ» አለች። ከዘንጉ ሥር ወጥታ፣ በአባቷ በኩል ስታልፍ እጁን ያዝ አደረገችና ቀስ ብላ፣ «የታክሲያችን እኮ ነው» አለችው።

ልብስ ሰፊው ባለበት ቀረ።  ለካ ያን ማታ ከመጋረጃው ጀርባ አልተኛችም ነበር። ምሳውን፣ ታክሲውን፣ ሸንሽነው ቢሸጡኝ ያለውን፣ ሁሉንም ሰምታለች። መስታወቱ ፊት ስትስቅ የከረመችው ይህን ሁሉ ይዛ ነው።

ሸምበቆ የድንቡሼን እጅ ይዛ ወደ እንጨት ፈረሶቹ ወሰደችው። አረንጓዴ አምባር እዚያ ይፈቀዳል። ወንድሟን ፈረስ ላይ አወጣችና እሷም ከጎኑ ባለው ላይ ተቀመጠች። ፈረሱ ለትንንሽ ልጆች የተሠራ ስለሆነ እግሯ ወለሉን ጠረገ፤ ስለዚህ ጉልበቷን እስከ አገጭዋ ሰብስባ ያዘችው። ፈረሶቹ መዞር ጀመሩ። እናቷ መጥታ ከባሏ ጎን ቆመች። 

ፈረሷ በፊታቸው ባለፈ ቁጥር ልጅቷ እጇን እያወዛወዘች «አባዬ! እየኝ አባዬ!» እያለች በደስታ ትጮሃለች። ከበው የቆሙት ወላጆች እሷን እያዩ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊውም እጁን አነሳላት፤ ሊስቅላትም ሞከረ። ግን ጩኸት መለየት ከጠረጴዛው ሥር ሆና ያስተማረችው እሷው ናት። ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ይሰበር ነበር።