ከአያት የመጣች ኦካፒ

ሣባ ልብስ ሰፊ ናት ቢባል ውሸት አይደለም፤ ግን ደግሞ ሙሉ እውነትም አይደለም። ቦሌ ለሚ ካለው የልብስ ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ የሰፋችው ግራ እጅጌ ብቻ ነው። ሸሚዙ ይመጣል፣ ግራ እጅጌውን ትገጥማለች፣ አጠገቧ ላለችው ለዘኪያ ታሳልፋለች። ዘኪያ አንገትጌ ናት። ሙሉ ልብስማ ሣባ በዕድሜዋ ሰፍታ አታውቅም።

ይህን ለልጇ ለሄርሞን ማን ይንገራት! ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ፣ «የኔ እናት የማትሰፋው ነገር የለም» ብላ ለጓደኞቿ አውርታ ጨርሳለች። ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት ቤቷ የጫካ እንስሳት በዓል አለ። ሌላው ልጅ አንበሳ እሆናለሁ፣ ጦጣ እሆናለሁ ሲል የኛዋ ጉደኛ ኦካፒ አለች።

«ኦካፒ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች ሣባ።

«እማ ደግሞ! ኮንጎ ጫካ ውስጥ ነው የምትኖረው። የቀጭኔ ዘመድ ናት፣ ግን አንገቷ አጠር ይላል። ሰውነቷ ቡናማ፣ እግሯና ኋላዋ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር። ምላሷ ረጅም ስለሆነ የራሷን ጆሮ ትልሳለች! ትሰፊልኛለሽ አይደል?»

«እንዴታ!» አለች ሣባ፤ ወዲያው ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ። ልጇ በጓደኞቿ ፊት ውሸታም እንዳትባል ፈራች።

በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ዘኪያ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ሞኝ፣ እኛ የለንም እንዴ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ኦካፒ ምን አላት?»

አለቃቸውን አስፈቅደው ቁርጥራጭ ጨርቅ ወሰዱ። በምሳ ሰዓት እየጎረሱ እንደለመዱት ተደርድረው ተቀመጡ። ሣባ እግሮቹን ያዘች፤ እግር ያው እጅጌ ነው፣ አራቱም ትንሽ ወደ ግራ ቢያደሉም። ዘኪያ አንገቱን፣ ዚፕ የምትገጥመው ዚፑን፣ ቁልፍ የምትተክለው ዓይኖቹን። ከሰማያዊ ገበር ምላስ ወጣ። ዝንጉርጉሩማ እንዴት አምሮ ነበር!

አርብ አመሻሽ ላይ አያት ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ውስጥ ሣባ ዚፑን ከፍታ ልጇን አለበሰቻት። ልጅት ልብሱ ውስጥ ጠፋች! ለካ አንዳቸውም ቁመቷን አልጠየቁም፤ እጃቸው በለመደው በትልቅ ሰው ልክ ሰፍተውት ቁጭ! ፋብሪካው እንደሆነ የልጅ ልብስ ሠርቶ አያውቅ።

ሣባ አልጋው ላይ ዘፍ አለች። «ሄርሚዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ የማውቀው እጅጌ መግጠም ብቻ ነው» አለች።

ሄርሞን ጭንቅላቷን ከኦካፒዋ አንገት አወጣች። እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ልብሱን አየችው።

«እማ፣ አንቺ ልበሺው! ልክሽ ነው እኮ። የኦካፒ ግልገል ጫካው ጨለማ ስለሆነ የእናቷን ዝንጉርጉር እያየች ነው አሉ የምትከተላት። ግልገሏ እኔ ነኛ!»

ጠዋት ሣባ በተረፈው ቡናማ ጨርቅ፣ በእጅ መርፌ፣ ለልጇ አንዲት ትንሽ ልብስ ሰፋች። ግራ እጅጌው ልክክ አለ፤ ቀኙ ግን ጠመም ብሎ ቀረ።

መድረኩ ላይ ትልቋ ኦካፒ ሰማያዊ ምላሷን አንጠልጥላ ከፊት፣ ትንሿ ዓይኗን ከዝንጉርጉሩ ሳትነቅል ከኋላ ወጡ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

«ትልቁን ማን ሰፋው?» አለች መምህሯ።

«እማ ከጓደኞቿ ጋር» አለች ሄርሞን። ከዚያ ጠማማውን እጅጌ ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይሄንን ግን ብቻዋን።»