የባቢከር እጅ

ባቢከር አሶሳ ውስጥ ታፔላ ጻፊ ነበር። ክልሉ አዲስ ሲቋቋም የብዙዎቹን ቢሮዎች ስም የጻፈው እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው እጅ የሚያንቀጠቅጠው የፓርኪንሰን በሽታ ያዘው፤ ብሩሽ ቀርቶ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ሚስቱ ኢቲዳል ስድስት ዓመት አጎረሰችው፣ አለበሰችው። በመጨረሻ ካርቱም የሚነግድ ወንድሙ ሕንድ ወስዶ አሳከመው። ሐኪሞቹ አንጎሉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ባትሪ ቀበሩለት።

ሲመለስ እጁ አይንቀጠቀጥም። ኢቲዳል ደስታዋን አልቻለችውም፤ አለቀሰች።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም፣ ባቢከር እንቅልፍ ተወ። ወሬው ማብቂያ የለውም፤ ቀለም ሲበጠብጥ ይውላል። የራሱን አጥር በጽሑፍ ሞልቶ ሲጨርስ ወደ ሰው በር ተሻገረ። ጎረቤታቸው ሻዕባን ከመስጊድ ሲመለስ የብረት በሩ ላይ በትልልቁ «ትምህርት ቢሮ» ተብሎ ተጽፎ አገኘ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ባቢከር?»

ባቢከር ሲጽፍ የቆመበትን መሰላል አንስቶ ወረወረበት። በትዳሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም።

«ስድን ቀናችሁ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱን ሰምታ ወደ ወጣችው ሚስቱም ዞረ፤ «አንቺም የምትወጂው በሽተኛውን ነው!»

ኢቲዳል እውነት ይሆን እንዴ ብላ ለማሰብ እንኳ አቅም አልነበራትም።

ሰፈሩ ጂን ነው አለ። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዐዋጢፍ ግን የሕክምና ወረቀቱን አንብባ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም ደወለች። «አምጡት» አለ። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሄዱ፤ ባቢከር መንገዱን ሙሉ ዘፈነ።

ሐኪሙ ደረቱ ላይ መሣሪያ አስጠግቶ የባትሪውን ኃይል ቀነሰ።

«ጠባዩ ተለውጦ አይደለም፣ እናቴ» አላት ኢቲዳልን። «ኤሌክትሪኩ በዝቶበት ነው። ስቀንሰው ግን እጁ ትንሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም።»

በማግስቱ ባቢከር ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል።

«ሻዕባንን መታሁት?»

«ትከሻውን።»

«ወላሂ፣ እንደነዚያ ቀናት ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አንቺ የቱን ትመርጫለሽ፣ ኢቲዳል?»

«እኔ መተኛት ነው የምፈልገው» አለችው።

አሶሳ እንደገቡ ሄዶ ሻዕባንን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሻዕባንም ይቅር አለው። ባቢከር ዛሬ ማንኪያ ይይዛል፣ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል፤ ፊደል ግን አይወጣለትም። ድምፁን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ ኢቲዳል ሥራዋን ታቆምና ታዳምጣለች።