እንስራ በአፍንጫው

የብርጁ አባት ገሪያልን «የሙያ ወንድሜ» ይለዋል። የብርጁ አባት ባሌ ነው፤ በእኛ መንደር የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት የለችም። ገራ የምንለው ከሸክላ የምንሠራውን እንስራ ነው። የገንዳክ ወንዝ አዞ ደግሞ፣ ወንዱ ሲጎረምስ፣ ከዚያ ቀጭን አፉ ጫፍ ላይ ገራ የመሰለ እባጭ ያወጣል። ገሪያል የተባለው ለዚህ ነው፣ ባለ እንስራው እንደ ማለት። «ስሙን ከእኛ ሸክላ ነው የወሰደው» እያለ ባሌ ይኮራል። በአዞ የሚኮራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አግብቼዋለሁ።

እኔ የምፈልገው ያንን እባጭ ነበር። ምጥ በያዛት ሴት ትራስ ሥር ከተቀመጠ ልጁ በሰላም ይወጣል ሲባል ነው ያደግነው። ምራቴ ሱገያ ሁለት ወልዳለች፣ ሁለቱም አላለቀሱም። አፈር አለበስናቸው። ልጄ ብርጁ፣ ባሏ፣ ሩቅ ፑንጃብ ሄዶ ሰው ማሳ ላይ ሩዝ ይተክላል። የሦስተኛው ሆዷ እየገፋ ሲመጣ እኔን እህል አልወርድ አለኝ።

«ሂድና አምጣልኝ» አልኩት ባሌን።

«እንስሳው ይሞታል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ደግሞስ ያሳስራል።»

«የልጅ ልጅህስ ይሙት?»

መጥረቢያውን ይዞ በወንዙ ወደ ታች፣ ወንድሙ ወዳለበት መንደር ሄደ። በስምንተኛው ቀን መጥቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረ። «እንዳትፈቺው፣ ኃይሉ ይሄዳል» አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ለእንስሳው ያዘነ መስሎኝ «እሰይ የኔ ጀግና!» አልኩት፣ ሞኟ።

ሱገያን ባሌ በመጣ በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ምጥ ጀመራት። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ዝናቡም ገና አልመጣም። አዋላጇ ቡድኒ ወገቧን ታሻለች፣ እኔ ጥቅሉን ከትራሱ ሥር አደረግሁ። ሱገያ ግን ሕመሙ ሲጠናባት ጎትታ አውጥታ ጨበጠችው፣ ከዚያም ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ኳ አለ። ሠላሳ ዓመት ሸክላ ቤት ኖሬ ያ ድምፅ ይጠፋኛል? ጨርቁን ፈታሁት። ቀይ ገል!

ደሜ ፈላ። ባሌ በሩ ላይ ከተንጠለጠለው ምንጣፍ ማዶ ቆሟል።

«አንተ ከንቱ! ሸክላ! በልጄ ነፍስ ትቀልዳለህ?»

«ሄጄ ነበር» አለ። «መጥረቢያውንም አንስቼ ነበር። ግን ልጆቹን አዝሏል። መቶ ይሆናሉ፣ እንሽላሊት እንሽላሊት የሚያካክሉ፣ ጀርባው ላይ ተደራርበው። አባት ነው። እንዴት ብዬ ልምታው? ከወንድሜ ምድጃ ይህን ሸክላ ሠርቼ ተኩሼ መጣሁ። ቢያንስ ልጅቷ ትጽናና ብዬ።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት ሱገያ ቀደመችኝ።

«አባባ።»

ቡድኒ ማሸቷን አቆመች። ምራት በባሏ አባት ፊት ተሸፍና ዝም ነው ወጉ። ከገባች በአራት ዓመት ውስጥ ባሌ ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም።

«አባባ፣ ልጆቹ ደህና ነበሩ?»

«ሁሉም፣ ልጄ። ሁሉም ይንጫጩ ነበር።»

«እሰይ። ደግ አደረጉ።» እንባዋ ወረደ። «ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። የሌላ ልጆች አባት አስገድዬ መውለድ መስሎኝ፣ ጥቅሉ ከመጣ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም።» ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አይስደቡት። ይልቅ ይያዙኝ፣ መጣ።»

ያዝኳት። ያን ሁሉ ቀን የራሴን ፍርሃት አዳመጥኩ እንጂ እሷን ጠይቄያት አላውቅም፣ ምን እዋሻለሁ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሕፃኗ ወጣች። መጀመሪያ ዝም አለች፤ እኔም አብሬ ሞትኩ። ቡድኒ ገልብጣ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። ከዚያማ ጮኸች! ጎረቤት እስኪሰማ!

«አለቀሰ?» አለ ባሌ ከውጭ።

«አለቀሰች! ሴት ናት፣ አለቀሰች! አትሰማም እንዴ?»

ምንጣፉን ገለጥ አድርጌ ባየው፣ ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከሕፃኗ ብሶ ይንሰቀሰቃል።