ሁለተኛው ፍላሽ

ቪዲዮ አንሺው የእህቱን ሰርግ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት አባቱ ሊያሳይ ፊልሙን ወደ ፍላሽ ቢልክ፣ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለው። ባዶ ፍላሽ ደግሞ ምን በልቶ ጠገበ! የፍላሹን ፎርማት ቢቀይረው፣ አሮጌው ቴሌቪዥን በተራው አላውቅህም አለ። ጭንቅ ጥብብ ሲለው ፎርማቱን ወደ ቀድሞው መልሶ ፊልሙን ለሁለት ቆረጠና፣ የመጀመሪያውን ከፍቶላቸው ሁለተኛውን በሌላ ፍላሽ መገልበጥ ጀመረ።

ሙሽራዋ የምትወጣበት በር ሳይከፈት ክፍል አንድ አለቀ። ምስሉ በተዘጋው በር ላይ ቀጥ አለ።

«ክፈቱላት እንጂ!» አሉ አባት በሰለለ ድምፅ። «ልጄን አታስጠብቋት!»

«አባዬ፣ ይኸው አጠገብዎ ነኝ» አለች እህቱ እጃቸውን ይዛ። አልሰሟትም፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«ቶሎ በል፣ አንተ!» ብላ ወንድሟ ላይ ጮኸች።

ሁለተኛውን ፍላሽ ሰክቶ በሩ ሲከፈት፣ ሙሽራዋ የአባቷን ዓይን እየከደነች ነበር።